አልበርት አይንስታይንና የጥንድ ከዋክብት የስበት ሞገድ

ሁለት ከዋክብት እርስ በርስ እየተዟዟሩ የሚያመነጩትን የስበት ሞገድ በሒሳብ አምሳያ ለመግለጽ የዶክትሬት ጥናቱን የሚጀምር ተማሪ፣ በየትኛውም አገር ዩኒቨርሲቲ ቢሆን፣ በመጀመሪያ የሚጨብጠው ቀመር አንድ ነው። ይኸው ቀመር ጥንዶቹ ከዋክብት በመዞራቸው ብቻ በየሰከንዱ ምን ያህል ጉልበት ወደ ሕዋ እንደሚያጡ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ የሚከተሉት ረዣዥም ስሌቶችና የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በአመዛኙ የዚሁ ቀመር እርማቶችና ተጨማሪዎች ናቸው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ቀመሩን በ1918 ያወጣው አልበርት አይንስታይን ነው። እምብዛም የማይነገረው ግን ባለቤቱ ራሱ ከልጁ ጋር እንደሚጣላ አባት ከዚህ ሥራው ጋር ሲጣላና ሲታረቅ መኖሩ ነው። በመጀመሪያ ሞገዱ የለም አለ፤ ቀጥሎ አለ ብሎ በተሳሳተ መንገድ አሰላው፤ ከዚያም አረመው፤ እርማቱም ከትክክለኛው በግማሽ አነሰ፤ ከ18 ዓመት በኋላ ደግሞ ሞገዱ ፈጽሞ ሊኖር እንደማይችል አረጋገጥሁ ብሎ ለኅትመት ላከ። ስለ አይንስታይን ሕይወት በብዙ ቋንቋ ብዙ ተጽፏል። እዚህ ላይ የሚቀርበው ሕይወቱ በዚህ በአንዱ ጥያቄ በኩል ሲታይ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አይንስታይን ማርች 14 ቀን 1879 በደቡብ ጀርመን፣ በኡልም ከተማ ተወለደ። አባቱ ሄርማንና አጎቱ ያኮብ በሙኒክ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚሠራ ድርጅት ስለ ነበራቸው፣ ልጁ ያደገው በዲናሞና በሽቦ መካከል ነው ማለት ይቻላል። በ1900 ከዙሪክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ ተመረቀ። የረዳትነት ሥራ አጥቶ ሁለት ዓመት ያህል ከተንከራተተ በኋላ በ1902 በስዊስ ዋና ከተማ በበርን፣ በፈጠራ መብት ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት መርማሪ ሆኖ ተቀጠረ።

የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘበት መንገድም ቀና አልነበረም። በ1901 መጨረሻ ለዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበውን የመጀመሪያውን ጽሑፍ በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያ ራሱ መልሶ ወሰደው። ሁለተኛው በ1905 ተቀባይነት አገኘ። ስለ ጊዜና ስለ ቦታ የሚናገር ሥራ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ጉዳዩ ግን ስኳር የሟሟበት ውሃ ነበር። ስኳሩ ውሃውን ምን ያህል እንደሚያወፍረው በመመልከት፣ የሞለኪውል መጠን ምን ያህል እንደሆነና በአንድ በተወሰነ የንጥረ ነገር ልክ ውስጥ ስንት ሞለኪውሎች እንደሚገኙ አሰላ። ያገኘው ቁጥር ዛሬ ከሚታወቀው ከሲሶው ብዙም አይበልጥም ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት የተጠቀመበት የልኬት መረጃ ሲሆን፣ ሌላው ግን የራሱ የሒሳብ ስሕተት ነው። በፈረንሳይ በዣን ፔረን ቤተ ሙከራ የተገኘው ውጤት ከቀመሩ ጋር አልስማማ ባለ ጊዜ፣ አይንስታይን ሉድቪግ ሆፕፍ የተባለውን የሥራ ጓደኛውን ስሌቱን እንዲመረምርለት ጠየቀው። ሆፕፍም ስሕተቱን አገኘ፤ እርማቱም በ1911 ታተመ፤ ቁጥሩም ወደ እውነተኛው ተጠጋ። ዝናው በናኘበት ዘመን ሥራውን ሌላ ሰው መርምሮ ሲመልስለት የተሰማውን ስንመለከት፣ ይህን የወጣትነቱን ምግባር ማስታወስ ያስፈልጋል።

በዚያው በ1905 ያወጣው ልዩ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ከብርሃን የሚፈጥን መልእክት እንደሌለ አስገነዘበ። የኒውተን ስበት ግን በማናቸውም ርቀት ላይ በቅጽበት የሚሠራ ነው። በኒውተን ሕግ መሠረት ፀሐይ ድንገት ከቦታዋ ብትናወጥ ምድር ያንኑ ቅጽበት ይሰማታል፤ ብርሃኑ እንኳ እስኪደርስ ግን ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አይንስታይን ይህን ቅራኔ ለመፍታት ከ1907 ጀምሮ ስምንት ዓመት ያህል ለፋ። በዚህ ጊዜ ከበርን ወደ ዙሪክ፣ ከዙሪክ ወደ ፕራግ፣ እንደ ገና ወደ ዙሪክ፣ በመጨረሻም በ1914 ወደ በርሊን ተዛወረ። አስቸጋሪውን የጂኦሜትሪ ሒሳብ ያመላከተው የትምህርት ቤት ጓደኛው ማርሴል ግሮስማን ነበር። በኖቬምበር 1915 ለፕሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረባቸው ተከታታይ ጽሑፎች አጠቃላዩን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ፈጸመ። ሜርኩሪ በተባለው ፈለክ ምሕዋር ላይ በየመቶ ዓመቱ የሚታየው፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የ43 ሰከንድ ማዕዘን ፈቀቅታም በዚያ ተፈታ።

ስበት በቅጽበት የማይደርስ ከሆነ፣ የስበት ምንጭ ሲናወጥ ወሬው እንደ ሞገድ እየተስፋፋ መሄድ አለበት የሚለው ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። የሚያስገርመው አይንስታይን በፌብሩዋሪ 1916 ለካርል ሽቫርትስሺልድ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከብርሃን ሞገድ ጋር የሚመሳሰል የስበት ሞገድ እንደሌለ መግለጹ ነው። ምክንያቱ ቀላል አልነበረም። በኤሌክትሪክ ዓለም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቻርጆች ስላሉ ሁለቱን ማወዛወዝ ይቻላል፤ ኔጋቲቭ የሆነ ግዝፈት ግን በተፈጥሮ የለም። ሽቫርትስሺልድ በዚያን ጊዜ በጦር ግንባር በወታደርነት ላይ ነበር። የአዲሱን ንድፈ ሐሳብ የመጀመሪያ ትክክለኛ መፍትሔ ያገኘው እርሱ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሜይ ወር በ42 ዓመቱ በሕመም ሞተ።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ የአይንስታይን አስተያየት ተለወጠ። ሆላንዳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቪለም ደ ሲተር የተሻለ የመለኪያ ሥርዓት ስላመለከተው፣ በጁን 1916 ለአካዳሚው ባቀረበው ጽሑፍ ሞገዱ እንዳለና በብርሃን ፍጥነት እንደሚጓዝ አሳየ። ነገር ግን በስሌቱ ውስጥ ስሕተት ገብቶ ነበር። በቀመሩ መሠረት አንድ ፍጹም ክብ ኮከብ እንደ ሳንባ እያበጠና እየሟሸሸ ጉልበት ሊያመነጭ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ከራሱ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር የሚጋጭ ነው። ጉድለቱን ያመለከተው ጉናር ኖርድስትረም የተባለው ፊንላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው።

1917 ለአይንስታይን የመከራ ዓመት ነበር። በርሊን በጦርነቱ ምክንያት ተርባለች። እርሱ ብርቱ የሆድ ሕመም አድሮበት ብዙ ክብደት ቀንሷል። ከሚስቱ ከሚሌቫና ከሁለት ልጆቹ ተለያይቶ፣ የአክስቱ ልጅ ኤልሳ ታስታምመው ነበር። የታረመውን ጽሑፍ በጃንዋሪ 1918 ለአካዳሚው ያቀረበው ከዚህ ሕመም ገና ሳያገግም ነው። በፊዚክስ ክፍል ውስጥ የዘመኑ ተማሪዎች የሚያውቁት የኳድሩፖል ቀመር የተወለደው በዚህ ጽሑፍ ነው።

የቀመሩ ፍሬ ሐሳብ በቃላት ሊገለጽ ይችላል። የአንድ አካል ጠቅላላ ግዝፈት ስለማይለወጥ ከእርሱ ሞገድ አይወጣም። የግዝፈቱ ማእከልም ከውጭ ኀይል ካልነካው በቀጥታ ከመሄድ በስተቀር መወዛወዝ ስለማይችል፣ ከእርሱም ሞገድ አይጠበቅም። ሞገድ የሚያመነጨው የግዝፈቱ አቀማመጥ ከክብነት ሲዛነፍና ይህም ዝንፈት ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ ብቻ ነው። ፍጹም ክብ የሆነ ኮከብ በራሱ ዛቢያ ቢሽከረከር ምንም አያመነጭም። ሁለት ከዋክብት እርስ በርስ ሲዟዟሩ ግን በየጊዜው አቅጣጫው የሚለወጥ ረዘም ያለ ቅርጽ ይፈጥራሉ። ግማሽ ዙር በዞሩ ቁጥር ቅርጹ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ፣ ሞገዱ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። የሚወጣው ጉልበት ከምሕዋሩ ስለሚቀነስ ከዋክብቱ ይቀራረባሉ፤ ሲቀራረቡም ይፈጥናሉ፤ ሲፈጥኑም ይበልጥ ያመነጫሉ። በክብ ምሕዋር ላይ ርቀታቸው በግማሽ ቢቀንስ ጨረሩ 32 እጥፍ ይሆናል። የጥንድ ከዋክብት ጥናት መላ ትርጉም ያለው በዚህ 32 በሚለው ቁጥር ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይሁን እንጂ በ1918 ይህን ያህል የሚጣደፍ ጥንድ ኮከብ አይታወቅም ነበር። ምድር ፀሐይን በመዞር የምታመነጨው የስበት ሞገድ ጉልበት 200 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ከሁለት አምፖል አይበልጥም። በዘመኑ የታወቁት ጥንዶች ከዋክብትም ቢሆኑ የሚያጡት ጉልበት በምሕዋራቸው ላይ ሊታይ የሚችል ለውጥ አያመጣም። ስለዚህ አይንስታይን ውጤቱ ሊታሰብ በሚችል በማናቸውም ሁኔታ ከቁም ነገር የማይገባ ነው ብሎ መደምደሙ፣ በእጁ ከነበረው መረጃ አንጻር ሊያስነቅፈው አይገባም። ሱፐርኖቫ የተባለው ፍንዳታ የኒውትሮን ኮከብ ትቶ እንደሚያልፍ ቫልተር ባዴና ፍሪትስ ትስቪኪ ያመለከቱት በ1934 ነው።

እንግሊዛዊው አርተር ኤዲንግተን በ1922 ጉዳዩን እንደ ገና መርምሮ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ በሒሳቡ ውስጥ ከሚታዩት የሞገድ ዓይነቶች አንዳንዶቹ የመለኪያ ሥርዓቱ ጥላ እንጂ የተፈጥሮ ነገር አይደሉም። ሁለተኛ፣ የአይንስታይን ቀመር ከእውነተኛው በግማሽ ያንሳል። ከዚህም ሌላ ቀመሩ የተሰላው እንደ ተሽከርካሪ ዘንግ ባለ በሌላ ኀይል በተያያዘ አካል ላይ በመሆኑ፣ በራሳቸው ስበት ለተያያዙ ጥንድ ከዋክብት ይሠራል ማለት እንደማይቻል አስጠነቀቀ። ይህ ማስጠንቀቂያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሊቃውንቱን ሲያከራክር ኖሯል።

በዚህ መካከል የመጣውን ዝና በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በሜይ 1919 በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ የተደረገው ልኬት ስሙን በዓለም ዙሪያ አናኘው፤ የ1921 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በዲሴምበር 1932 ከጀርመን ወጣ፤ ናዚዎች ሥልጣን ስለያዙም ሳይመለስ ቀረ። ከ1933 መጸው ጀምሮ በአሜሪካ በፕሪንስተን፣ በከፍተኛ ጥናት ተቋም ተቀመጠ።

በ1936 አይንስታይንና ወጣቱ ረዳቱ ናታን ሮዘን የስበት ሞገድ በግምታዊ ስሌት ሳይሆን በትክክለኛው እኩልዮሽ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ተነሡ። ጠፍጣፋ ሞገድ ለመቅረጽ በሞከሩ ቁጥር በአንድ ቦታ ላይ መጠኑ ወሰን አጥቶ ይፈነዳባቸዋል። ከዚህም ተነሥተው የስበት ሞገድ የለም፤ የ1916ና የ1918 ውጤት የግምታዊው ስሌት ውላጅ ነው ብለው ደመደሙ። ጽሑፉንም ፊዚካል ሪቪው ለተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላኩ።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ጆን ቴት ጽሑፉን ስሙ ላልተገለጸ ገምጋሚ ሰጠ። ገምጋሚውም አሥር ገጽ ያህል ትችት ጽፎ መለሰ። አይንስታይን በጀርመን የለመደው ሌላ ሥርዓት ነበር፤ በዚያ ስመ ጥር ሊቅ የላከው ጽሑፍ እንዳለ ይታተማል እንጂ ለማይታወቅ ሰው አይታይም። እጅግ ተቆጥቶ ጽሑፉን እንዲታተም እንጂ ከመታተሙ በፊት ለሌላ እንዲያሳዩት እንዳልፈቀደ ጻፈላቸው፤ ጽሑፉንም አንሥቶ ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ለተባለው ማኅበር መጽሔት ላከው። ከዚያ በኋላ ለፊዚካል ሪቪው ይህን የሚያህል የምርምር ሥራ አልላከም። በእኔ አስተያየት ቁጣው ከልማድ የመጣ ቢሆንም ያለ ቦታው የወደቀ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ሆፕፍን ስሌቴን መርምርልኝ ያለው ይኸው ሰው ነበርና።

ገምጋሚው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሃዋርድ ፐርሲ ሮበርትሰን ሲሆን፣ ይህም በመጽሔቱ አሮጌ መዝገብ ተረጋግጦ ይፋ የሆነው በ2005 ነው። ሮበርትሰን ያመለከተው ነገር በምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። በሉል ካርታ ላይ የኬንትሮስ መስመሮች በሰሜን ዋልታ ላይ ሁሉም በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ ይሁን እንጂ ምድር በዚያ ቦታ አልተቀደደችም፤ የተበላሸው የመስመሮቹ አጣጣል ነው። የአይንስታይንና የሮዘን ፍንዳታም እንዲሁ ከመለኪያው የመጣ ነበር። መፍትሔው ከአንድ ዘንግ ዙሪያ ወደ ውጭ እንደሚስፋፋ የሲሊንደር ሞገድ ሆኖ ቢተረጎም፣ ችግሩ በዘንጉ ላይ ብቻ ይወሰናል፤ በዚያም የሞገዱ ምንጭ የሆነው ግዝፈት እንዳለ መቁጠር ይቻላል።

ሮበርትሰን በደብዳቤ ያልሰመረለትን በቃል ፈጸመው። ከሮዘን ቀጥሎ ረዳት የሆነውን ፖላንዳዊውን ሌዎፖልድ ኢንፌልድን በፕሪንስተን ወዳጅ አደረገው። ኢንፌልድ ሞገዱ እንደሌለ የሚያሳይ የራሱን ማረጋገጫ ሲያሳየው፣ ሮበርትሰን ስሕተቱን ከእርሱ ጋር ሆኖ አወጣው። ኢንፌልድ ወዲያው ለአይንስታይን ሲነግረው፣ አይንስታይንም ባለፈው ሌሊት በራሱ ስሌት ውስጥ እንከን ማግኘቱን ገለጸለት። በማግሥቱ ስለ ሞገዱ አለመኖር ንግግር ለማድረግ ቀጠሮ ይዞ ነበርና፣ ንግግሩን አድርጎ በመጨረሻ የስበት ሞገድ ይኑር አይኑር እንደማያውቅ ለአድማጮቹ ነገራቸው። ጽሑፉ በጃንዋሪ 1937 ሲታተም መደምደሚያው ተገልብጦ፣ ስለ ሲሊንደር ሞገድ የሚያስረዳ ሥራ ሆኖ ወጣ። ሮዘን በዚያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት ሥራ ይዞ ነበርና ለውጡን ከሩቅ ሰማ፤ ግን አልተቀበለውም። አይንስታይን እስኪሞት ድረስ ያ ገምጋሚ ሮበርትሰን እንደሆነ ያወቀበት ምልክት አይታይም።

የዚያ ክረምት ሐዘን ሌላ ነበር፤ ኤልሳ በዲሴምበር 1936 አረፈች። አይንስታይን ግን ሥራውን አላቋረጠም። በ1938 ከኢንፌልድና ከባነሽ ሆፍማን ጋር፣ በራሳቸው ስበት የተያያዙ አካላት እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ የሚወስኑትን እኩልዮሾች አወጣ። ይህ ሥራ የሞገዱን ጉዳይ በቀጥታ ባይፈታም፣ ዛሬ የጥንድ ከዋክብትን ምሕዋር በተራቀቀ ስሌት ለሚከተል ሁሉ ከመሠረቶቹ አንዱ ነው። ስለ ኤዲንግተን ማስጠንቀቂያም ላንዳውና ሊፍሺትስ በ1941 ባሳተሙት መጽሐፋቸው፣ የኳድሩፖል ቀመር በስበት ለተያያዙ አካላትም እንደሚያገለግል አሳዩ። ሁሉም ግን አልረካም።

አይንስታይን ኤፕሪል 18 ቀን 1955 በፕሪንስተን ሆስፒታል፣ በሆዱ ውስጥ ያለው ዋና የደም ቧንቧ አብጦ በመፈንዳቱ በ76 ዓመቱ ሞተ። ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት ሐኪሞች ቢያሳስቡትም አልፈቀደም። ከሦስት ወር በኋላ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ 50ኛ ዓመት በበርን ሲከበር፣ ሮዘን የስበት ሞገድ ጉልበት እንደማይሸከም ተከራከረ። ክርክሩ ያጋደለው በ1957 በአሜሪካ በቻፕል ሂል በተደረገው ጉባኤ ላይ ነው። በዚያ ሞገዱ በዘንግ ላይ የተሰካን ዶቃ ወዲያና ወዲህ ቢያንሸራትት፣ ዶቃው ከዘንጉ ጋር ሲፋተግ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱ ደግሞ ከሞገዱ ከተወሰደ ጉልበት በስተቀር ከየትም ሊመጣ አይችልም የሚል አስረጅ ቀረበ።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በአብዛኛው ወደ ወጣቶች እጅ ገባ። ፊሊፕ ፒተርስ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክትሬት ተማሪ ሳለ፣ በ1963 ከጆን ማቲውስ ጋር ቀመሩን በሞላላ ምሕዋር ላይ ለሚዞሩ ጥንዶች አሰላው። ምሕዋሩ በሞለለ መጠን ከዋክብቱ በሚቀራረቡበት ቅጽበት ጨረሩ እንደሚበረታ በዚህ ታወቀ። ስሌቱ በታተመ ጊዜ የሚሠራበት ኮከብ አልነበረም። በ1974 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ራስል ኸልስ ከመምህሩ ከጆሴፍ ቴይለር ጋር በነደፈው ፍለጋ፣ በፖርቶ ሪኮ በአሬሲቦ በነበረው 305 ሜትር ስፋት ባለው የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አንድ ፑልሳር አገኘ። ፑልሳሩ በ59 ሺኛ ሰከንድ አንድ ጊዜ ይሽከረከራል። ኸልስ የምቱ ልክ እየተዛባ ሲያስቸግረው መሣሪያውን ተጠራጥሮ ነበር፤ በኋላ ግን ፑልሳሩ ሌላ የኒውትሮን ኮከብ በ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚዞር መሆኑን ተረዳ። ምሕዋሩም እጅግ ሞላላ ነበር። ሜርኩሪ በመቶ ዓመት 43 ሰከንድ ማዕዘን ፈቀቅ የሚለው ይህ ጥንድ በየዓመቱ 4.2 ዲግሪ ፈቀቅ ይላል።

ቴይለርና የሥራ ባልደረቦቹ ለአራት ዓመት ያህል ምቱን ሲቆጥሩ ቆይተው፣ የዙሩ ጊዜ በየዓመቱ በ76 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል እንደሚያጥር በ1978 መጨረሻ አስታወቁ። ይህም የ1918 ቀመር በኤዲንግተን እጥፍ ታርሞና በፒተርስና በማቲውስ ተስፋፍቶ ከሚሰጠው ቁጥር ጋር ተስማማ። ኸልስና ቴይለር በ1993 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ሞገዱ ራሱ በምድር ላይ የተያዘው ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ነው። ሊጎ የተባሉት፣ እያንዳንዳቸው 4 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያላቸው ክንዶች የተገጠሙላቸው ሁለት የአሜሪካ መሣሪያዎች፣ የፀሐይን 36ና 29 እጥፍ ያህል የሚመዝኑ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሐዱ የላኩትን ሞገድ መዘገቡ። በውሕደቱ የሦስት ፀሐይ ያህል ግዝፈት ወደ ሞገድ ተለወጠ። በ2017 ደግሞ የሁለት የኒውትሮን ከዋክብት ውሕደት ተመዘገበ። የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት በጃንዋሪ 2024 ያጸደቀው ሊሳ የተባለ ዕቅድ፣ በ2.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሦስት መንኮራኩሮችን አሰማርቶ በእኛው ጋላክሲ ውስጥ ያሉትን ቀርፋፋ ጥንዶች የማዳመጥ ዓላማ አለው። ከእነዚህ አንዱ፣ ኤች ኤም ካንክሪ የተባለው የነጭ ድንክ ከዋክብት ጥንድ፣ አንዱን ዙር በ5.4 ደቂቃ ይፈጽማል። እንዲህ ያሉትን ለመቅረጽ የሚጥር የዶክትሬት ተማሪ ሥራው በኳድሩፖል ቀመር አያበቃም። ከቀላሉ ኮከብ ወደ ከባዱ የሚፈስሰው ቁስ ምሕዋሩን ለማስፋት ሲታገል፣ ሞገዱ ለማጥበብ ይታገላል፤ የሁለቱን ትግል ለይቶ ማስላት ያስፈልጋል።

ኸልስና ቴይለር ያገኙት ጥንድ ዛሬም በየዓመቱ 3.5 ሜትር ያህል እየተቀራረበ ነው። በዚህ አካሄድ ሁለቱ ከዋክብት ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ይዋሐዳሉ።